ቀንዱ ለምንድን ነው? የካውቦይ ኮርቻ ታሪክና የተቀመጡበት ሴቶች



ባለፈው ጥር የማኅበራችንን የቅዳሜ ልጆች ይዘን ከ1906 ጀምሮ ዴንቨር ውስጥ ወደሚካሄደው የከብትና የፈረስ ትርዒት፣ ናሽናል ዌስተርን ስቶክ ሾው፣ ሄደን ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) እኔ እንኳ የሄድኩት እንደ ሁልጊዜው ደረሰኝ ለመሰብሰብ ነው። የቲኬቱንና የምሳውን ሒሳብ ካልያዝኩ በወሩ መጨረሻ ከእናንተ ጋር እንደምንጨቃጨቅ ታውቃላችሁ።

ዕቃ የሚሸጥበት አዳራሽ ውስጥ ስናልፍ ልጄ አንድ ኮርቻ ፊት ቆመችና ከፊቱ ወደ ላይ የወጣውን ነገር ይዛ፣ «እማዬ፣ ይሄ ቀንድ ለምንድን ነው?» አለችኝ፤ በእንግሊዝኛ። እኔም ሳላስብ፣ «እንዳትወድቂ የምትይዢው ነው» አልኳት። ከጎናችን የቆሙ ባርኔጣ ያደረጉ ሽማግሌ ሰምተው ሳቁ። ቀኝ እጃቸውን ከፍ አድርገው አሳዩን፤ አውራ ጣታቸው ከመገጣጠሚያው በላይ የለም። «ቀንዱ የገመድ ነው፤ እጅሽን እዚያ ከረሳሽው እንዲህ ይሆናል» አሏት።

ልጄ ደነገጠች። እኔ ደግሞ ዋጋውን አየሁ። ያ ኮርቻ ከስድስት ሺህ ዶላር በላይ ተለጥፎበታል፤ ሁለት ሜትር አለፍ ብሎ ያለው ሌላው ደግሞ አንድ ሺህ እንኳ አይሞላም። ከሩቅ ለሚያያቸው ሁለቱም አንድ ናቸው። የቆዳ ሥራ ቡድናችን ቦርሳዎች ዋጋ ላይ ዓመቱን ሙሉ ስንከራከር የከረምን ሰዎች ስለሆንን ነገሩ ከንክኖኝ ቤት ገባሁ። ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት ከቤተ መጻሕፍት እየተዋስኩ ያነበብኩትን ነው የማካፍላችሁ።

ኮርቻ ሲታይ ዓይን የሚገባው ቆዳው ነው። ሸክሙን የሚችለው ግን ውስጡ ያለው እንጨት ነው። እዚህ አገር ይህን የውስጥ እንጨት «ዛፍ» ይሉታል። ሁለት ረዣዥም ጠፍጣፋ እንጨቶች በፈረሱ አከርካሪ ግራና ቀኝ ይጋደማሉ፤ ከፊት በቅስት፣ ከኋላ በመደገፊያ ይያያዛሉ። አከርካሪውን ምንም ነገር እንዳይነካው ማለት ነው። ከዚያ እርጥብና ያልለፋ የከብት ቆዳ ይለብስና ዙሪያውን ይሰፋል። ቆዳው ሲደርቅ ስለሚኮማተር እንጨቱን ጠፍንጎ ይይዘዋል። ከበሮ ሲለጎም ያየ ሰው ይህ አይገርመውም፤ አገር ቤት የሚሠራው ኮርቻም ቢሆን ውስጡ እንጨት፣ ላዩ ቆዳ ነው። የአሜሪካው የሚለየው በዚያ እንጨት ላይ በተጨመረው ቀንድ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከስፔን ነው። ሄርናን ኮርቴስ በ1519 ሜክሲኮ የባሕር ዳርቻ ሲደርስ 16 ፈረሶች ይዞ ነበር። ስፔኖች ያን ጊዜ ሁለት ዓይነት አቀማመጥ ያውቁ ነበር። አንዱ ጥሩር የለበሰ ወታደር እግሩን ዘርግቶ፣ ከፊትም ከኋላም በከፍተኛ መደገፊያ ተይዞ የሚቀመጥበት የጦር ኮርቻ ነው። ሌላው ከሰሜን አፍሪካ ሙስሊሞች የተማሩት፣ እርካቡ አጭር፣ ጉልበት የሚታጠፍበት፣ ለፈጣን ግልቢያ የሚመች አቀማመጥ ነው። ሁለቱም ቀንድ የላቸውም። ጦረኛ በገመድ የሚጎትተው ነገር የለውማ።

ሜክሲኮ ውስጥ ግን ከብቱ በዛ፤ ሜዳው አጥር የለው፤ ከብት ጠባቂዎቹ ቫኬሮዎች ደግሞ በሬን በገመድ ጠልፎ መጣልን ተማሩ። ፈረሰኛ አንድ ትልቅ በሬ ከጠለፈ በኋላ በክንዱ ሊይዘው አይችልም። ገመዱ የሚታሰርበት ነገር ያስፈልጋል። ስለዚህ በኮርቻው የፊት ቅስት ላይ ከእንጨት የተቀረጸ ቀንድ ወጣ። ዛሬም የሜክሲኮ ኮርቻ ቀንዱ እንደ ሳህን ሰፊ ነው። ኮርቻው ከመቀመጫነት አልፎ የሥራ መሣሪያ የሆነው በዚህ ነው፤ ከዚያ በኋላ የመጣው ለውጥ ሁሉ ማለት ይቻላል «ይህ ቀንድ ሲጎተት ጉልበቱ የት ይሄዳል?» ለሚለው ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው።

መልሱ ግን ሁለት ሆነ። የካሊፎርኒያ ቫኬሮዎች ከቆዳ የተገመደ፣ እስከ ስድሳ ጫማና ከዚያም በላይ የሚረዝም ገመድ ነበራቸው። የቆዳ ገመድ በድንገት ከተወጠረ ይበጠሳል። ስለዚህ ከብቱን ከጠለፉ በኋላ ገመዱን ቀንዱ ላይ ይጠመጥሙና ቀስ እያሉ እንዲንሸራተት ይለቁለታል። በስፔንኛ «ዳር ላ ቩኤልታ» ይሉታል፤ ዙር መስጠት እንደማለት ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ «ዳሊ» አደረጉት። የእኚያ ሽማግሌ አውራ ጣት የቀረው እዚህ ላይ ነው፤ ገመዱ ሲጠመጠም ጣት ከመሃል ከገባ ግማሽ ቶን የሚመዝን በሬ በሌላው ጫፍ እየጎተተ ነው።

ቴክሳሶች ደግሞ ጫካና ቁጥቋጦ ውስጥ ስለሚሠሩ አጭር ገመድ ይዘው ጫፉን ቀንዱ ላይ ጥብቅ አድርገው ያስሩታል። መጠምጠም የለ፣ መልቀቅ የለ። በሬው የገመዱ ጫፍ ላይ ሲደርስ ጉልበቱ ሁሉ በአንድ ጊዜ ኮርቻው ላይ ያርፋል፤ ከፊት ሲጎተት የኮርቻው ኋላ ይነሳል። ለዚህ ሲባል የቴክሳስ ኮርቻ ከፊት አንድ፣ ከኋላ አንድ፣ ሁለት የሆድ ማሰሪያ አለው። የካሊፎርኒያው ገመዱን ስለሚያንሸራትት መሃል ላይ ያለ አንድ ማሰሪያ ይበቃዋል። ስለዚህ ያኔ አንድ ሰው ገና ከሩቅ ሲመጣ ከየት አገር እንደሆነ ከፈረሱ ሆድ ይታወቅ ነበር ይባላል።

በመሃል አንዲት አጭር ታሪክ ልጨምር፤ ለእኛ ለቢሮ ሰዎች ደስ የምትል ናት። የጥንቱ የሜክሲኮ ኮርቻ መቀመጫው ላይ የሚደረብ፣ ለቀንዱና ለኋላ መደገፊያው ቀዳዳ ያለው አንድ ሰፊ ቆዳ ነበረው። «ሞቺላ» ይባላል። በ1860 የፖኒ ኤክስፕረስ ፖስታ ሲቋቋም ይህን ቆዳ ወስደው አራት ኪስ ሰፉበት። ፈረሰኛው ጣቢያ ሲደርስ ኮርቻ አይፈታም፤ ሞቺላውን ብቻ አንስቶ በተዘጋጀው ፈረስ ላይ ጣል ያደርግና ይሄዳል። ደብዳቤው ከሚዙሪ ሴንት ጆሴፍ እስከ ካሊፎርኒያ ሳክራሜንቶ በአሥር ቀን ገደማ ይደርስ ነበር። በጥቅምት 1861 ቴሌግራፍ ሲዘረጋ ድርጅቱ ተዘጋ። አንድ ዓመት ተኩል ብቻ ነው የቆየው፤ ስሙ ግን እስከ ዛሬ አልጠፋም።

ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ የቴክሳስ ከብት በመቶ ሺዎች እየተነዳ ወደ ሰሜን ወደ ባቡር ጣቢያዎቹ ሲሄድ የሁለቱ አገር ኮርቻ እዚሁ እኛ ያለንበት አካባቢ ተገናኘ። ዴንቨር፣ ፑዌብሎ፣ ሸያን የኮርቻ ሠሪ ከተሞች ሆኑ። ዴንቨር ላይ ሄርማን ሃይዘር የሚባል ጀርመናዊ ስደተኛ በሦስት «ኤች» ፊደል ምልክቱ የታወቀ ትልቅ ሱቅ ነበረው። ፑዌብሎ ላይ ጋለፕና ፍሬዚየር ነበሩ። ሸያን ላይ ፍራንክ ሚኒያ የኋላ መደገፊያው ጫፍ ላይ ወደ ኋላ የሚታጠፍ ከንፈር ጨመረ፤ «የሸያን ጥቅል» ተብሎ ዛሬም ይሠራል። እነዚህ ሠሪዎች በባቡርና በፖስታ ካታሎግ እየላኩ ሞንታና ላለ ሰው ሁሉ ይሸጡ ነበር።

ሒሳቡን ላንሳ። ከብት ነጂው የወር ደመወዙ ከ30 እስከ 40 ዶላር ነበር። ጥሩ ኮርቻ የአንድ ወር ደመወዙን ሙሉ ይበላል፤ አንዳንዴም ከዚያ ያልፋል። ፈረሱ ብዙ ጊዜ የአሠሪው ነው፤ ኮርቻው ግን የራሱ ነው፤ ሌሊት ትራሱም ነው። «ኮርቻውን ሸጠ» ከተባለ ሰውየው አለቀለት ማለት ነበር። ከእነዚህ ሠራተኞች ከአራቱ አንዱ ገደማ ጥቁር እንደነበረ የታሪክ ጸሐፊዎች ይገምታሉ፤ ብዙዎቹም ሜክሲኳውያን ነበሩ። በፊልም የምናየው ሌላ ነው።

ከዚያ አጥር መጣ። ጆሴፍ ግሊደን እሾሃማ ሽቦውን በ1874 በስሙ አስመዘገበ፤ በ1886 እና 87 መካከል የነበረው ክረምት ደግሞ በሰሜኑ ሜዳ ከብቱን ፈጀው። ረጅሙ የከብት ጉዞ ቆመ፤ ሥራው በግቢ ውስጥ ሆነ። የእንጨቱ ቀንድ እየተሰበረ ስላስቸገረ በብረት ተተካ። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ላይ ደግሞ ቀጥ ብሎ ይወርድ የነበረው የፊት ቅስት ግራና ቀኝ ትከሻ አወጣ። ከዚያ በፊት ያልተገራ ፈረስ የሚጋልብ ሰው ካፖርቱን ወይም ብርድ ልብሱን ጠቅልሎ ከፊቱ ያስር ነበር፤ ፈረሱ ሲዘል ጭኑን እንዲይዝለት። ሠሪዎቹ ያንን ጥቅል አይተው እንጨቱ ላይ ቀረጹት። ለእኔ ከሁሉም የሚገርመኝ ይሄ ነው፤ ሠሪው በወንበሩ ላይ ሆኖ አልፈለሰፈውም፤ ተጠቃሚው በጨርቅና በገመድ የጠጋገነውን አይቶ ነው።

ታዲያ ሴቶቹስ?

በዚያ ዘመን ሴት በጎን ኮርቻ ነበር የምትቀመጠው። ሁለቱም እግሯ በግራ በኩል፣ አንዱ ጉልበቷ በኮርቻው ላይ ባለ መያዣ ተንተርሶ፣ ረጅም ቀሚሷ እስከ ታች ወርዶ። ሁለት እግር ለያይቶ መቀመጥ ነውር ነው። በዚያ አቀማመጥ ሩቅ መሄድ ይቻላል፤ አጥር የሚዘሉም ነበሩ፤ ከብት በገመድ ጠልፎ መጎተት ግን የማይታሰብ ነገር ነው። ቴክሳስ ውስጥ ታዋቂው ባለ ከብት ቻርልስ ጉድናይት፣ በ1866 የምግብ ጋሪውን የፈለሰፈው ሰውዬ፣ ለባለቤቱ ለሜሪ አን የግራ እግሯ የሚደገፍበት ተጨማሪ ቀንድ ያለው የጎን ኮርቻ ነድፎላታል። አሳቢ ባል ነው። ቢሆንም የጎን ኮርቻ ነው።

ወደ ምዕተ ዓመቱ መጨረሻ ሴቶች መሃሉ የተከፈለ ቀሚስ እያሰፉ እንደ ወንዱ መቀመጥ ጀመሩ። አባወራ የሞተባት፣ ወይም የራሷን መሬት የያዘች፣ ወይም ወንድ ልጅ የሌለበት ቤት ያደገች ሴት ከብቱን ማን ይይዝላታል? ሠሪዎቹም ገበያውን አይተው በካታሎጋቸው ውስጥ መጠኑ ቀነስ ያለ የሴት ኮርቻ ያወጡ ጀመር። እንደ ሉሲል መልሃል ያሉ ሴቶች በሕዝብ ፊት በሬ በገመድ እየጣሉ ስም አወጡ። በሮዲዮ ሜዳ ላይም ሴቶች ያልተገራ ፈረስ ላይ መውጣት ያዙ።

እዚህ ላይ ቀስ ብዬ ልንገራችሁ፤ ሳነበው ያናደደኝ ክፍል ነው።

ለወንዶቹ ውድድር በ1920 አካባቢ አንድ ወጥ ኮርቻ ተወስኖ ነበር። የሮዲዮ አዘጋጆች ተስማምተው፣ በኦሪገን ፔንድልተን ያለው የሃምሊ ቤት ሠርቶት፣ ማንም ሰው የራሱን ልዩ ኮርቻ ይዞ እንዳይመጣ ሆነ። ለፍትሕ ሲባል ነው፤ ደግ ነገር ነው። ለሴቶቹ ግን ሌላ ልማድ ነበር፤ ሁለቱን እርካቦች በፈረሱ ሆድ ሥር በጠፍር እርስ በርስ ማሰር። እርካቡ ስለማይወዛወዝ መቀመጡን ያቀልላል ተብሎ ነው። በአንዳንድ ቦታ ለሴቶች ይፈቀዳል፤ በአንዳንዱም ይታዘዛል። ነገር ግን ፈረሱ ከወደቀ እግር ከዚያ እርካብ በቀላሉ አይወጣም።

በመስከረም 1929 ፔንድልተን ላይ ቦኒ ማካሮል የተባለች ስመ ጥር ፈረሰኛ በዚህ ዓይነት በታሰረ እርካብ ወጣች። ከዚያ ውድድር በኋላ ልታቆም አስባ ነበር ይባላል። ፈረሱ ወደቀ፤ ተነስቶ መዝለል ሲጀምር እግሯ እርካቡ ውስጥ ነበር። በሕዝብ ፊት ተጎተተች፤ ከቀናት በኋላም ሆስፒታል ውስጥ አረፈች። ፔንድልተን የሴቶቹን ውድድር አቋረጠ፤ ሌሎችም ቦታዎች በየጊዜው ተከተሉት። በዚያው ዓመት የተቋቋመው የሮዲዮ አዘጋጆች ማኅበርም በደንቡ ባካተታቸው ውድድሮች ውስጥ የሴቶችን አላስገባም። የገደላት ጠፍሩ ነው፤ የተከለከለችው ግን ሴቲቱ ነች። ስለ ጠፍሩ የተጠየቀ ሰው የለም።

ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ሴቶች ወደ ሮዲዮ የሚጠሩት በአብዛኛው ለጌጥ ነበር። ፈረስ ላይ ሆነው ይቀርባሉ፤ ዳኞች ልብሳቸውንም መልካቸውንም ያያሉ። በ1948 ቴክሳስ ሳን አንጀሎ ላይ 38 ሴቶች ተሰብስበው የራሳቸውን ማኅበር አቋቋሙ። ገርልስ ሮዲዮ አሶሲዬሽን አሉት፤ ዛሬ የሴቶች ሙያዊ ሮዲዮ ማኅበር ይባላል። ደንቡን ራሳቸው ጻፉ፤ ዳኝነቱ በሰዓት እንጂ በመልክ እንዳይሆን አደረጉ። ሦስት በርሜል በሜዳው ላይ ይቆማል፤ ፈረሰኛዋ በሦስቱም ዙሪያ በተወሰነ ቅደም ተከተል ዞራ ትመለሳለች፤ ፈጣኗ ታሸንፋለች። በቃ።

ይህ ውድድር የራሱን ኮርቻ ወለደ። ለገመድ ሥራ የሚሆነው ኮርቻ ሃያ ኪሎና ከዚያም በላይ ይመዝናል። በርሜል ለምትዞር ሴት ይህ ሁሉ ክብደት ምን ያደርግላታል? ስለዚህ የታችኛው ቆዳ አጠረ፣ ጥጉ ክብ ሆነ፣ መቀመጫው ጎደጎደ፣ ክብደቱ ወደ ግማሽ ግድም ወረደ። እንደ ማርታ ጆሲ ያሉ ሻምፒዮኖች ከፋብሪካ ጋር ሆነው በስማቸው የሚጠራ ኮርቻ አስነደፉ፤ የእሷ ቴክሳስ ዮአኩም በሚገኘው ሰርክል ዋይ ነው የሚሠራው። ኮሎራዶ ስፕሪንግስ ያለው የሮዲዮ የክብር አዳራሽ በ1979 ተከፍቶ የበርሜል ፈረሰኞችን ያስገባው በ2017 ነው፤ ሻርሜይን ጄምስና ዋንዳ ሃርፐር ቡሽ ናቸው የመጀመሪያዎቹ። የሒሳብ ሰው ስለሆንኩ ቀንሼ አየሁት፤ 38 ዓመት ነው። መሥራቾቹም 38 ነበሩ። ምንም ትርጉም የለውም፤ ግን አስገረመኝ።

አሁን ወደ ስድስት ሺሁ ዶላር ልመለስ፤ ቃል ገብቼ ነበርና።

ርካሹ ኮርቻ በፋብሪካ የሚሠራ ነው። ውስጡ አብዛኛውን ጊዜ ፋይበርግላስ ወይም ፕላስቲክ ነው፤ አበባው በማተሚያ ተጭኖ የወጣ ነው፤ ስፌቱ በማሽን ነው። ይህን ስል ለመናቅ አይደለም። አንድ ደሞዝተኛ ለልጁ ኮርቻ መግዛት የቻለው በእነዚህ ፋብሪካዎች ነው፤ ሰው ሠራሽ ጨርቅ የለበሰውማ ቀላል ነው፣ ዝናብ አይፈራም። ችግሩ የሚመጣው ከፈረሱ ጀርባ ጋር ካልገጠመ ነው። የኳርተር ሆርስ ዝርያ ማኅበር በ1940 ተቋቁሞ ትከሻው ሰፊ የሆነው ፈረስ ሲበዛ የኮርቻው እንጨት ስፋትም አብሮ ሰፋ። በጠባቡ እንጨት ሰፊ ፈረስ ላይ የወጣ ሰው ጥፋቱን የሚያየው ቆይቶ ነው፤ የፈረሱ ጀርባ ተልጦ፣ በላዩ ነጭ ፀጉር ሲበቅል።

ውዱ በእጅ የተሠራው ነው። ሠሪው የፈረሱን ጀርባና የሰውየውን ሥራ ይጠይቃል፤ እንጨቱን በዚያው ያስመርጣል፤ ወፍራም የለፋ ቆዳ እርጥብ እያለ በእንጨቱ ላይ በእጁ እየዳበሰ ይወጥራል። ከዚያ አበባው ይቀረጻል፤ በስለት ይሰመርና በመዶሻና በትናንሽ የብረት መርገጫዎች አንድ በአንድ ይወጣል። ዋዮሚንግ ሸሪደን ላይ ዶን ኪንግ የተባለ ሰው ትናንሽ የዱር ጽጌረዳዎች በክብ በክብ የሚጠላለፉበትን ቅርጽ አስፋፋ። ዛሬ «የሸሪደን ቅርጽ» በሌላ አገርም ይሠራል። በ1991 የአገሪቱን ከፍተኛ የባህል ጥበብ ሽልማት አግኝቷል። መርገጫዎቹን ራሱ ይሠራ ነበር።

በዚያ ዋጋ ውስጥ ያለው ትልቁ ቁጥር የቆዳ አይደለም፤ የሰዓት ነው። ባለፈው ዓመት የቡድናችንን ቦርሳዎች ሒሳብ ስሠራ ቆዳ፣ ክር፣ ዚፕ፣ የጠረጴዛ ኪራይ ተጽፏል፤ የእጅ ሰዓት የሚል መስመር ጭራሽ አልነበረም። «እኛው ነን እኮ የሠራነው፣ ለራሳችን ምን እንከፍላለን» ያለችኝን ታላቅ እኅታችንን ላሳዝናት አልፈልግም። ከዚህ ሩብ ዓመት ጀምሮ ግን መስመሩ ገብቷል፤ በሚቀጥለው ስብሰባ ቁጥሩን ታዩታላችሁ፤ ተከራከሩኝ።

ልጄን በተመለከተ መልሴን ማረም ነበረብኝ። ከአዳራሹ ከመውጣታችን በፊት የበርሜሉን ውድድር አየን፤ ሴቶቹ ከበር ሲወጡ እንደ ጥይት ነው። ሽማግሌው ያሳዩን የገመድ ኮርቻ ቀንዱ አጭርና ወፍራም፣ ገመዱ እንዲይዝ በጎማ የተጠመጠመ ነበር። እነዚህ ሴቶች የያዙት ግን ረጅምና ቀጭን ነው፤ በአንድ እጅ ይጨበጣል። ፈረሱ በርሜሉን ሲያጥፍ ፈረሰኛዋ በአንድ እጇ ዛቡን፣ በሌላው ቀንዱን ገፍታ መቀመጫዋ ውስጥ ትቀበራለች። ገመድ የለም። «እማዬ፣ አየሽ፣ መያዣ ነው!» አለችኝ። ልክ ነሽ አልኳት፤ የዚህኛው መያዣ ነው።